በሐጂ ሰኢድ ቤት ሰዓቱ ስንት ነበር

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ቀን ለእህቴ ልጅ የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ አንዋር መስጊድ ጀርባ ካሉት ሱቆች አንዱ ገባሁ። ዓርብ ቀን፣ ያውም ወደ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እዚያ ሰፈር መሄድ እንደሌለብኝ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ሰው እድሜው ሲገፋ የቀጠሮውን ቀን እንጂ የሳምንቱን ቀን ይረሳል። ዋጋ እየተከራከርኩ ሳለሁ አዛን ተሰማ። ባለሱቋ ልጅ የብረት መዝጊያውን እስከ ወገቡ ጎትታ አወረደችና "እትዬ፣ እንግዲህ እስኪሰገድ ቁጭ ይበሉ፤ መውጫ የለም" ብላ በርጩማ አቀረበችልኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ መንገዱ ሁሉ ምንጣፍና ካርቶን ተነጥፎበታል፤ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ እስከ ሱቁ ደፍ ድረስ ተቀምጧል። ውስጡ ደግሞ አዲስ አቡጀዲ ገና ሳይታጠብ የሚሸተው ያ ሙጫ ሙጫ የሚል ሽታ ሞልቶታል። ልጅቷ ፊቴን አይታ ውሃ ላምጣልዎት ወይ አለችኝ። የጨነቀኝ የዛሬው ዓርብ አይደለም፣ ሃያ ዓመት ገደማ ያለፈው ሌላ ዓርብ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት።

ያኔ ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ይቀሩት ነበር። ስንት ብትሉኝ አልነግራችሁም፤ የዓመተ ምሕረት ነገር አይሆንልኝም። ከፒያሳ መርካቶ ታክሲ ከአንድ ብር በታች እንደነበር ግን አልረሳም። ሰምቡሳ በሽልንግ ይሸጥ ነበር፤ ሶማሌ ተራ ጥጉ ላይ የነበረችው ጁስ ቤት ማንኪያ አስቁሞ የሚይዝ ስፕሪስ በሦስት ብር እስከ አፉ ሞልታ ትሰጥ ነበር። ሞባይል ያለው ሰው ቀበቶው ላይ በቆዳ ማኅደር አንጠልጥሎት ኮቱን ሆን ብሎ ከፈት ያደርጋል። እኛ ሴቶቹ ከዱባይ ተራ ከጉልበቱ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ ጂንስ ገዝተን ታኮው ጡብ የሚያህል ጫማ እናደርግ ነበር፤ በዚያ ጫማ የኮምፒውተር ሳጥን ታቅፌ የመርካቶን ደረጃ ወጥቻለሁ፣ ዛሬ በነጠላ ጫማም አልወጣውም። ካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ ደርድረው አንዱ የሌላውን ዘፈን ይውጣል፤ በመሀሉ "ዞር በይ እህት፣ ዞር በይ" የሚል ተሸካሚ ከነሸክሙ ትከሻሽን ገፍቶ ያልፋል። አሁን ያ መንገድ ግማሹ ፈርሶ የመስታወት ሕንፃ ተተክሎበታል። ጁስ ቤቷ የነበረችበትን ቦታ በቅርቡ ፈልጌ አጣሁት።

የኮምፒውተር ሰው ነበርኩ። ፒያሳ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ አለቃዬ ወንዶቹን ደንበኛ ጋ እየላከ እኔን ስልክ ስለሚያስነሳኝ ተናድጄ ወጣሁና የራሴን ሥራ ጀመርኩ። ሥራ ስል ንብረቴ አንድ የትከሻ ቦርሳ ነበር፤ ካቻቪቴ፣ የኬብል መቆንጠጫና በላስቲክ የጠቀለልኳቸው ሲዲዎች። ታናሽ ወንድሜን እያስተማርኩ በኪራይ ቤት እኖር ስለነበር ደንበኛ ማጣት ማለት ወደ አለቃዬ ተመልሼ ስልክ ማንሳት ማለት ነበር። የመጀመሪያው፣ ለረጅም ጊዜም ብቸኛው ደንበኛዬ ሐጂ ሰኢድ ነበሩ። መርካቶ ደግሞ ማስታወቂያ አይሠራባትም፤ አንዱ ሐጂ ለሌላው "ያቺ ልጅ ታውቃለች" ካለ ሠርግሽ ነው፣ "ያቺ ልጅ አበላሸችብኝ" ካለ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባተኛ አንድ በር አይከፈትልሽም። ይህን በየቀኑ እያሰብኩ ነበር ደረጃቸውን የምወጣው።

ሐጂ ሰኢድ ጨርቅ አከፋፋይ ነበሩ፤ ለክፍለ ሀገር ነጋዴ በጥቅል ይሸጣሉ። ቤታቸው ከመስጊዱ አንድ መታጠፊያ ላይ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ከታች ሱቁ፣ ከሱቁ ጀርባ መጋዘኑ፣ ከላይ ቢሮው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ፤ ሲቆጡ ጭራሽ ዝቅ ያደርጉታል። ኮምፒውተር ያስገቡት ወንድማቸው ገፋፍተዋቸው ነው እንጂ እሳቸው አያምኑትም ነበር። የመጀመሪያውን ሰርቨር፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚታዘዙለትን ዋናውን ማሽን፣ የተከልኩላቸው ዕለት፣ ዕቃ ከመጋዘን ሲወጣ የሚታተመውን የመውጫ ወረቀት አንስተው ላዩ ላይ ያለውን ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያዩት። ወረቀቱ ዘጠኝ ይላል፣ ግድግዳው ሦስት። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው ብዬ ላስረዳቸው ስጀምር "ልጄ፣ ማሽኑ እኔ ቤት እስከኖረ ድረስ በእኔ ሰዓት ይኑር" አሉኝ። ምን እላለሁ? የሰርቨሩንም፣ ከታችና ከላይ ያሉትን የአራቱን ኮምፒውተሮችም ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎተትኩላቸው። ሁሉም አንድ ላይ ስለተጎተቱ የያኔው ሲስተም ምንም አላለም። እንዲህ አድርጊ የሚል መጽሐፍ የለም፤ ግን መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያደረግኩት እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ በኋላ ሰምቻለሁ።

መጋዘኑን የሚይዙት ጋሼ ይርጋ ናቸው። ከጎጃም በልጅነታቸው መጥተው፣ መርካቶ ሸክም ተሸክመው፣ ሐጂ ቤት ከገቡ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ሁልጊዜ ካኪ ጋወን ይለብሳሉ፤ የመጋዘኑን ቁልፎች በቀበቶአቸው ላይ በገመድ አስረው ስለሚሄዱ ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሜትር ጨርቅ አልጎደለባቸውም ይባል ነበር። ሐጂ በረመዳን ጋሼ ይርጋ ምሳቸውን ተሸማቀው እንዳይበሉ ከመጋዘኑ ጀርባ ቦታ ያስለቅቁላቸው ነበር፤ ጋሼ ይርጋም በዒድ ከሐጂ ቤት ሥጋ ሲመጣ፣ እሳቸው ባይበሉትም፣ ለሙስሊሞቹ ተሸካሚዎች ራሳቸው ያካፍሉ ነበር። ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ፈርተውት ነበር። በሁለት ጣት ቀስ እያሉ እንዲጽፉ አስተማርኳቸው፤ ከለመዱት በኋላ የሚወዱት ነገር አንድ ብቻ ነበር፣ የጻፉትን አለመርሳቱን። "ታስታውሳለች አይደል?" ይሉኛል ማሽኗን እያዩ። ሁሉንም ታስታውሳለች፣ ጋሼ፣ እላቸዋለሁ።

አሮጌው ሰርቨር ሲደክም የሐጂ ወንድም አዲስ አመጡ፤ ማሽኑም አዲስ፣ ሲስተሙም አዲስ። አንድ ረቡዕ ተከልኩት። ሲስተም ሲጫን ሥራው ያለቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ መጫኑማ ሲዲ ከትቶ ሻይ መጠጣት ነው። ሥራው ከዚያ በኋላ ነው፣ ባዶ ቤት ተረክቦ እንደ ማደራጀት። ማሽኑ ስም ይሰጠዋል፣ አድራሻ ይሰጠዋል፣ ማን ገብቶ ምን ማየት እንደሚችል በየሰዉ ይጻፋል፣ ፕሪንተሩ ይያያዛል፣ የድሮው መዝገብ ይገለበጣል፣ ዋናው ፓስወርድም ይቀየራል። ስለ ፓስወርዱ ለሐጂ ስነግራቸው "አንቺ ያዢው፣ እኔ ቤት ብዙ ጆሮ አለ" ስላሉኝ የዚያ ማሽን ቁልፍ የነበረው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። የሚሠራውን ሁሉ የሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ጽፌ አንድ በአንድ እሰርዝ ነበር። የአገርሽን ሰዓት ምረጪ ሲለኝ አዲስ አበባ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም፤ ሁላችንም እንደምናደርገው ሰዓቷ ከእኛ ጋር የሚገጥመውን ናይሮቢን መረጥኩ፣ ሰዓቱም የፈረንጁ ሆኖ ቁጭ አለ። ካርቶኑ ግርጌ ላይ "የሐጂ ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው።

መጨረሻው ላይ ግን አልደረስኩም። አዲሱ ሲስተም አራቱን ኮምፒውተሮች አላስገባም አለ። ስሙ ትክክል፣ ፓስወርዱ ትክክል፣ እሱ ግን አይከፍትም። ግማሽ ቀን ኬብል ስነቅልና ስሰካ ቆይቼ ነገሩ የገባኝ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አዲሱ ሲስተም ሰዓቱ ከእሱ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ የሚለይ ማሽን ከመጣበት እንደ ሌባ ይቆጥረዋል፤ እነሱ በሐጂ ሰዓት፣ እሱ በናይሮቢ። ሐጂ ከደረጃው ሥር ቆመው በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው ደንበኛ እየጠበቀ ነው ይላሉ። የቀረበኝን አደረግኩ፤ አራቱ የሰርቨሩን ሰዓት እንዲከተሉ አዘዝኳቸው፣ ወዲያው ገቡ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ላይ ወደ ሐጂ ሰዓት መመለስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። በዚያች ሰዓት መብራት ጠፋ። ጠብቄ ጠብቄ ሲመሽብኝ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ካርቶኑም ከነጽሑፉ ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ሐሙስ መብራቱ መጣ፣ ቤቱም እኔ ሳልኖር ሲሠራ ዋለ።

ዓርብ ጠዋት የቀረኝን ልጨርስ ስመጣ በቤቱ ውስጥ ሰው ለሰው አይነጋገርም። ገንዘብ ተቀባይዋ ናት ቀስ ብላ የነገረችኝ። የጅማ ደንበኛ ደውሎ ሐሙስ ከገዛው አምስት ጥቅል የደረሰው ሦስት ነው ብሏል። ሐጂ የመውጫ ወረቀቱን አስወጥተው ቢያዩት አምስት ጥቅል በጋሼ ይርጋ ስም ወጥቷል፣ ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሠላሳ አምስት። የሐጂ ቤት በር ደግሞ የሚዘጋው ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በር ከተዘጋ በኋላ መጋዘን ለመክፈት ቁልፍ ያላቸው ሐጂና ጋሼ ይርጋ ብቻ ናቸው። ጋሼ ይርጋ ዕቃው ከምሳ በፊት በጠራራ ፀሐይ ነው የወጣው፣ አምስቱንም ቆጥሬ አስጭኛለሁ ብለው ማሉ። ተሸካሚዎቹ ቢጠየቁ በቀን ስንቱን እንጭናለን፣ የትኛውን እናስታውስ አሉ። በር ጠባቂው የሚያየው ማኅተሙን እንጂ ሰዓቱን አይደለም። ወረቀት ላይ ያለ ሰዓት ጠብ ካልመጣ ማን ያነበዋል? ሐጂ ከሶላት በኋላ ተቀምጠን እንጨርሰዋለን፣ ካልሆነ ጣቢያ ይጨርሰዋል ብለው ነበር። እኔም እንደሌላው ሰው አዝኜ፣ እንደሌላው ሰው ዝም ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። የራሴን ካርቶን ያን ጊዜም አላስታወስኩትም።

ሐጂ ቤት አንድ ደንብ ነበር። አንዴ በጁምዓ ሰዓት ሱቃቸው ተሰርቆ ስለሚያውቅ ከዚያ ወዲህ ለሶላት ሲሄዱ ሁሉንም ሰው ያስወጡና የብረቱን በር ከውጭ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ይሄዳሉ። ሰርቨሩ የድሮውን መዝገብ እየገለበጠ ስለነበር ትቼው መውጣት አልቻልኩም፤ ከቆየሽ እስክመለስ ነው አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ከዚያ ወደ ጋሼ ይርጋ ዞሩ። ለሃያ ዓመት "ይርጋ" ሲሏቸው የኖሩትን ሰው "አቶ ይርጋ፣ እርስዎም እዚሁ ይቆዩ" አሏቸው። ይህን ስሰማ ነው ነገሩ ጣቢያ ሊደርስ እንደሚችል ያመንኩት።

በሩ ተቆለፈብን። ቢሮው አንድ መስኮት ብቻ አለው፣ እሱም በብረት ፍርግርግ የታጠረ። ቁልቁል ሲታይ አስፋልቱ አይታይም፣ የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ጋሼ ይርጋ ናሙና በተቀመጠበት የአቡጀዲ ጥቅል ላይ ተቀመጡ። ሙቀቱና ያ የአዲስ ጨርቅ ሽታ አንድ ላይ ገብተው ክፍሉን አጠበቡት። ኹጥባው፣ የኢማሙ ስብከት፣ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ጋሼ ይርጋ ቁልፎቻቸውን እንዳይንኳኩ በመዳፋቸው እንደያዙ ቀና አሉ።

"የኔ ልጅ፣ ይቺ ማሽን ሁሉንም ታስታውሳለች ብለሽኝ ነበር" አሉኝ። "እስቲ ጠይቂያት።"

ሐሙስ የወጡትን ወረቀቶች በተራ ከፈትኩ፤ ሰዓታቸው ጠዋትና ማታን አይለይም። የመጀመሪያው ዘጠኝ ከአምስት ይላል። ቀጥሎ ዘጠኝ ከአርባ፣ አሥራ አንድ ከሃያ፣ የጅማው አሥራ አንድ ከሠላሳ አምስት፣ ከዚያ አሥራ አንድ ከሃምሳ። ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ የመጨረሻው አራት ከሃምሳ። በሐጂ ሰዓት ቢቆጠር ቤቱ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ተከፍቶ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሸጥ አምሽቷል ማለት ነው። በፈረንጁ ቢቆጠር ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ተጀምሮ አሥራ አንድ ሳይሞላ ያለቀ የተለመደ የሥራ ቀን ነው። የጅማው ዕቃ የወጣው ጋሼ ይርጋ እንዳሉት ከምሳ በፊት አምስት ከሠላሳ አምስት ላይ ነበር። እኒህን ሰው ሌባ ያደረጋቸው የእኔ ካርቶን ነው።

እንዴት እንደፈራሁ ዛሬም ይገርመኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሰው ነጻ የሚያወጣ ነገር ነው ያገኘሁት። እኔ ግን ያየሁት የወንድሜን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአለቃዬን ፈገግታ፣ "ያቺ ልጅ አበላሸችብኝ" የሚለውን ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ልሮጥ ብል በሩ ተቆልፏል፣ ቢከፈትም መንገዱ በሰው ተሞልቷል፣ መንገዱ ባይሞላም የምሄድበት የለኝም። እጄ ቀደመኝ። ሳላስበው ሰዓቱን ከፍቼ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት፤ አራቱ ኮምፒውተሮች ተከተሉት። ከስክሪኑ ጥግ ላይ አሥራ ሁለት ተኩል የነበረው ስድስት ተኩል ሆነ። ጋሼ ይርጋ ያቺን ጥግ ማንበብ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ስክሪኑን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"አሁን ምን ነካሽ?"

"ሰዓቱን አስተካከልኩት።"

"ተሳስቶ ነበር?"

"ከረቡዕ ጀምሮ።"

"ማን አሳሳተው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ናይሮቢንም፣ መብራቱንም፣ ካርቶኑንም። ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስተው ፍርግርጉን ይዘው ቁልቁል ሲያዩ ቆዩ። ታች ሰዉ ለሶላት ተነስቶ ቆሟል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት መንገድ ላይ ሳል እንኳ አይሰማም። ሳይዞሩ "በሩ ሲከፈት ቀድመሽ ተናገሪ" አሉኝ። "እኔ ብናገር የሚናገረው ሌባ ነው።"

እሺ አልኳቸው። ከልቤ ነበር። የምለውን ቃል በቃል አዘጋጀሁት፤ ሐጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ረቡዕ ሰዓቱን ሳልመልሰው ሄድኩ፣ ብዬ። ምንጣፎቹ መጠቅለል ጀመሩ፣ ጫማ ፍለጋው፣ ሰላምታው፣ ከዚያ ከታች የቁልፉ ድምፅ። ሐጂ ብቻቸውን የሚመጡ መስሎኝ ነበር። ወንድማቸው ከኋላቸው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ በር ጠባቂው፣ ጠዋት ተጠይቀው የነበሩት ሁለት ተሸካሚዎች ሁሉም ተከትለው ወጡና በሩን ሞሉት።

"ሐጂ፣ የሐሙሱ ሰዓት ስህተት ነው" አልኩ።

የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ። ልክ ነው እኮ፣ አሉ። አሁን ልክ ነው፣ ሐሙስ ግን ተሳስቶ ነበር አልኩ። ቀና አሉ፣ ድምፃቸው ከመቼውም ይልቅ ዝቅ አለ።

"ማሽን በራሱ ሰዓት ይቀይራል?"

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። ወረቀቶቹን በተራ ከፍቼ ማሳየት እችል ነበር፤ ካርቶኑም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጋሼ ይርጋ አያዩኝም፣ ወለሉን ነው የሚያዩት፣ እየጠበቁኝ። ስድስቱም ሰዎች ያዩኛል። "አንዳንዴ" አልኩ።

አንዳንዴ። ይኸው ነው ያልኩት። ውሸትም እውነትም ያልሆነ ቃል ነው፤ አንድን ሰው ከጣቢያ ለማዳን ይበቃል፣ ስሙን ለመመለስ አይበቃም። ሐጂ "እንግዲህ ፖሊስ አያስፈልግም፤ ሁለቱን ጥቅል ለጅማው ሰው እተካለታለሁ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ግን ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ጋ ይሁን" አሉ። ጋሼ ይርጋ ገመዱን ከቀበቶአቸው ለመፍታት ጊዜ ወሰደባቸው፣ የሃያ ዓመት ቋጠሮ ነበር። ቁልፎቹን ከእኔ ኪቦርድ አጠገብ አስቀምጠው ወረዱ። ሁለቱ ጥቅሎች የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት በሩ ላይ ተቀምጠው ወረቀት እየተቀበሉ ቆዩና አንድ ቀን ቀሩ። እኔ ግን እዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ። ስሜ ጥሩ ሆነ፣ ከሐጂ ቤት ተነስቼ ሌሎች ቤቶች ገባሁ፣ ወንድሜም ተመረቀ። ማሽን በተቀየረ ቁጥር ካርቶን አውጥቼ የመጀመሪያው መስመር ላይ "የሐጂ ሰዓት" ብዬ እጽፍ ነበር። ልተውላቸው ብዬ ስንቴ አሰብኩ። ፓስወርዱን ለሌላ ሰው ማስረከብ ማለት ያንን መዝገብ ሌላ ሰው እንዲከፍተው መፍቀድ ነበርና ሌላ ሰው አላስገባሁም፤ እኔም አልወጣሁም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ ድምፁ ሁሉ ይሰማኝ ነበር።

ሕንፃው ሊፈርስ ነው ተብሎ ንግዱ ሲዘጋ ሐጂን ስኳር በሽታ ጥሏቸው ነበር። ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። ብቻችንን ስንቀር ነገርኳቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና "ሰኞውን ነው ያወቅኩት" አሉኝ። የሐሙስን ወረቀቶች ሁሉ አስወጥተው አይተዋቸዋል፤ እኔ ቤት በሌሊት አምስት ሰዓት ጨርቅ ተሸጦ አያውቅም አሉ።

"ታዲያ ቁልፉን ለምን አልመለሱላቸውም?" አልኳቸው።

"ብመልስለት አንቺን ማሰናበት ነበረብኝ፣ ልጄ። መጋዘን የሚይዝ ሰው አገኛለሁ። ያንን ማሽን የሚከፍት ግን ካንቺ ሌላ አልነበረኝም።"

ተናደድኩ፣ ከዚያ በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። እኔ እሳቸውን ፈርቼ ዝም አልኩ፣ እሳቸው እኔን እንዳያጡ ዝም አሉ። የሁለታችንን ዝምታ ዋጋ የከፈሉት ጋሼ ይርጋ ናቸው። ሐጂ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ጋሼ ይርጋን ለማግኘት አንድ ዓመት ያህል ፈጀብኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ልጃቸው ጋ ነበሩ፤ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፣ ግን ወዲያው ነው ያወቁኝ። ወንበር አስመጡልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ "አንዳንዴ" ያልኩበትንም ምክንያት ሳልደብቅ፣ ሐጂ ያሉኝንም ጭምር። ይቅርታም ጠየቅኳቸው። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ለሐጂ ስትነግሪያቸው ማን ነበረ?"

"ማንም አልነበረም፣ ጋሼ። ብቻችንን ነበርን።"

"እኔ ቁልፉን ስፈታ ስድስት ሰው ቆሞ ነበር" አሉኝ።

ደህና ሁኚ ብለው ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ወንበር ያስመጡልኛል፣ ስለ ልጆቻቸው ያወሩኛል፣ ያን ቀን አንስተውት አያውቁም። ከስድስቱ ሐጂና ወንድማቸው አርፈዋል። ገንዘብ ተቀባይዋ ዐረብ አገር ናት ይሏታል፣ በር ጠባቂው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ወር ሶላቱ አልቆ መዝጊያው ሲነሳ መጋረጃዬን ይዤ ወጣሁና፣ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ የሸበቱትን ተሸካሚዎች ፊት አንድ በአንድ ሳይ ቆየሁ። ያን ቀን በሩ ላይ ከቆሙት ከሁለቱ አንዱን ባገኘው እውነቱን ልነግረው ብዬ ነው። በስማቸው እንዳልጠይቅ ስማቸውን አላውቀውም፤ አሥራ አንድ ዓመት በአጠገባቸው ሳልፍ ጠይቄያቸው አላውቅም።